ትንፋሽና ኤሌክትሪክ፤ ለፍሎሪያን ሽናይደር መታሰቢያ

ስለ አንድ የሙዚቃ ሰው ዕረፍት በሚጻፍበት ጊዜ ልማድ የሆነ አካሄድ አለ። የድምፁ ጣዕም ይመሰገናል፤ መድረክ ላይ ሲወጣ የሕዝቡ ጭብጨባ እንዴት እንደ ነበረ ይተረካል፤ የፍቅሩና የኀዘኑ ታሪክም ከዘፈኖቹ ጋራ እየተገናኘ ይነገራል። ስለ ጀርመናዊው ስለ ፍሎሪያን ሽናይደር ለመጻፍ ብዕር ያነሣ ሰው ግን ከእነዚህ አንዱን እንኳ በቀላሉ አያገኝም። ይህ ሰው መድረክ ላይ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር። የቤቱን ኑሮ ለጋዜጣ ገልጦ አያውቅም። በ1998 ብራዚል በሄደ ጊዜ ለቴሌቪዥን በሰጠው ቃለ ምልልስ ለቀረቡለት ጥያቄዎች አንድ ሁለት ቃል ብቻ እየመለሰ ፈገግ ሲል ይታያል። ከዚያም አልፎ እርሱና ጓደኞቹ የራሳቸውን መልክ የያዙ አሻንጉሊቶች አሠርተው፣ በእነርሱ ፈንታ ፎቶግራፍ እንዲነሡና ጋዜጠኞችን እንዲቀበሉ አቆሙአቸው። እንግዲህ ሊታይ ያልወደደን ሰው እንዴት አድርጎ ማስታወስ ይቻላል? እኔ የማውቀው አንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ይኸውም እጁ የሠራውን ነገር ቀርቦ ማዳመጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፍሎሪያን የተወለደው በኤፕሪል 7 ቀን 1947 በደቡብ ጀርመን፣ ከኮንስታንስ ሐይቅ አጠገብ ባለችው በኦኒንገን ነው። ጊዜው አገሩ በጦርነት ፈራርሶ፣ በድል አድራጊዎቹ ጦር ተከፋፍሎ የተያዘበት ነበር። ሕፃን ሳለ ቤተ ሰቡ ወደ ዱሰልዶርፍ ከተማ ሄደው ተቀመጡ። አባቱ ፓውል ሽናይደር ኤስሌበን ስመ ጥሩ የሕንፃ መሐንዲስ ነበሩ። በራይን ወንዝ ዳር የቆመው የማነስማን ኩባንያ ረዥም ሕንፃ የእርሳቸው ሥራ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በዚያችው ከተማ የሠሩት ባለ ብዙ ፎቅ የመኪና ማቆሚያ ደግሞ፣ ግድግዳው መስተዋት በመሆኑ በውስጡ የተደረደሩት መኪናዎች ከመንገድ ላይ ሆነው ለሚመለከቱ ሁሉ ይታዩ ነበር። ለመኪና የመስተዋት ቤት የሠራ አባት ልጅ፣ አድጎ ስለ መኪና መንገድ የሙዚቃ ድርሰት ቢደርስ ለእኔ ብዙ አያስደንቀኝም።

በጀርመን ከጦርነቱ በኋላ ያደገው ትውልድ በሙዚቃ ረገድ የገጠመው ችግር እንዲህ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ያባቶቹን ዘፈን እንዳያነሣ፣ ከዘፈኑ ብዙውን ናዚዎች ለሰልፋቸው አውለው አርክሰውበታል። የባህና የቤትሆቨን ቅርስ ቢኖርም ለወጣት ልብ ሩቅ ነበር። ከሬዲዮ የሚሰማው የአሜሪካና የእንግሊዝ ዘፈን ስለ ሆነም፣ ጊታር የያዘ የጀርመን ወጣት ሁሉ በእንግሊዝኛ እየዘፈነ የሌላ አገር ልጅ ለመምሰል ይጣጣር ነበር። ፍሎሪያን በ1968 ራልፍ ሁተር ከሚባል ወጣት ጋራ ሲተዋወቅ ሁለቱን ያቀራረባቸው ይህን መንገድ አለመውደዳቸው ይመስለኛል። በመጀመሪያ ኦርጋኒዛሲዮን በሚባል የሙዚቃ ጓድ ውስጥ አብረው ሠሩ። በ1970 ግን የራሳቸውን አቋቁመው ስሙን ክራፍትቬርክ አሉት፤ ትርጓሜውም የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫ ማለት ነው። ይህ ለሙዚቃ ጓድ የሚሆን ስም ነው ወይ ብሎ የሚስቅ አይጠፋም። ነገር ግን ዱሰልዶርፍ የከሰልና የብረት አገር በሆነው በሩር ደጃፍ ያለች ከተማ ናት። የገጠር ልጅ የመንደሩን ተራራ እንደሚያውቅ፣ የዚያ አካባቢ ልጅ የኃይል ማመንጫውን የጭስ መውጫ ያውቃል። ስሙን ከቤታቸው አጠገብ አነሡት ማለት ነው።

ከባቡር ጣቢያው ብዙ ሳይርቁ በሚንትሮፕ መንገድ አንድ የሥራ ቤት ይዘው፣ ክሊንግ ክላንግ ብለው ሰየሙት። ራሳቸውንም የሙዚቃ ሠራተኞች ይሉ ነበር እንጂ አርቲስት መባሉን እምብዛም አይፈልጉትም ነበር። ወደዚያ ቤት እንግዳ እንደ ልቡ አይገባም ነበር፤ ለብዙ ዓመታት ይሠሩ የነበሩት በዚያ ነው።

ወደ ፍሎሪያን ልመለስ። በዱሰልዶርፍ በሮበርት ሹማን ኮንሰርቫቶሪ የተማረው ፍሉት ነው። ፍሉት ከዋሽንት ወገን የሚቆጠር፣ ከብረት የሚሠራና በአግድም ተይዞ የሚነፋ መሣሪያ ነው። ራሱ በኋላ እንደ ተናገረው፣ ፍሉቱን እስከ አንድ ደረጃ በትጋት ከተማረ በኋላ ጠበበው። ማይክሮፎን ገዛ። ቀጥሎ የድምፅ ማጉያ፤ ቀጥሎ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ የሚመልስ መሣሪያ፤ ቀጥሎም ሲንተሳይዘር፣ ማለት በኤሌክትሪክ ንዝረት ድምፅ የሚፈጥር፣ እንደ ኦርጋን በጣት የሚመታ መሣሪያ ገዛ። ፍሉቱን የጣለው ከዚህ ሁሉ እጅግ ዘግይቶ ነው።

ይህን ቃሉን ብዙ ሰዎች እንደ ክህደት ታሪክ ያነቡታል። የእንጨትና የብረት የዜማ ዕቃ በኤሌክትሪክ ተሸነፈ ይላሉ። እኔ ግን ቅደም ተከተሉን እመለከታለሁ። ማይክሮፎኑ የተገዛው ለፍሉቱ ነው። የገደል ማሚቶው የተገዛው ለፍሉቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን የክራፍትቬርክ ሸክላዎች የሰማ ሰው፣ አንድ ፍሉት ተደራርቦ እንደ ብዙ ፍሉት ሲሆን፣ ድምፁ ተጠማዝዞ የማይታወቅ እንስሳ ድምፅ ሲመስል ያስተውላል። ወደ ማሽኑ ቤት ተከትሎት የገባ አንድ የተማሪ ቤት ፍሉት ነበር ማለት ይቻላል።

በኖቬምበር 1974 አውቶባን የተባለው ሸክላ ወጣ። አውቶባን የጀርመኖች ሰፊ የመኪና ጎዳና ስም ነው። የመጀመሪያው ድርሰት የሸክላውን አንዱን ፊት ሙሉ ይዞ ከ22 ደቂቃ በላይ ይሄዳል። ሲጀምር የመኪና በር ይዘጋል፤ ሞተር ይነሣል፤ ጥሩምባው ይነፋል፤ ከዚያም የመንገዱ ጉዞ እየተደጋገመ እንደሚያልፍ ዛፍ ይቀጥላል። ኤሚል ሹልት የተባለው ሠዓሊ ወዳጃቸው ግጥሙን አብሯቸው ጽፎአል፤ ግጥሙም በጀርመንኛ ነው። በዚያን ጊዜ ይህ ትልቅ ድፍረት ነበር። በጀርመንኛ የተዘፈነ፣ ጊታር ገኖ የማይሰማበት፣ ፍቅርን ፈጽሞ የማያነሣ፣ ስለ መንገድና ስለ ፀሓይ ብቻ የሚናገር ዘፈን ማን ይገዛዋል? ዳሩ ግን ለአሜሪካ ሬዲዮ እንዲስማማ ወደ ሦስት ደቂቃ ተኩል ያህል ታጥሮ፣ በ1975 በአሜሪካ የሽያጭ መዝገብ እስከ 25ኛው ደረጃ ደረሰ። ማሳጠሩን እኔ አልወደውም። መንገድ ታጥሮ ሲቀርብ መንገድነቱ ይቀራል፤ መሰልቸቱ ራሱ የድርሰቱ አንድ ክፍል ነበር።

በድርሰቱ መጀመሪያ የመንገዱን ስም የሚጠራ አንድ ድምፅ አለ። ሰው ነው እንዳይሉት ብረት ብረት ይላል፤ ማሽን ነው እንዳይሉት ይናገራል። የፍሎሪያን የዕድሜ ልክ ሥራ ከዚህ ድምፅ ላይ ስለሚገኝ፣ አሠራሩን ጥቂት ላብራራ።

ቮኮደር የሚባለው መሣሪያ በ1930ዎቹ በአሜሪካ በቤል ቤተ ሙከራ ሆመር ደድሊ የፈለሰፈው ነው። ዓላማው ሙዚቃ አልነበረም፤ ንግግርን በጠባብ የስልክ መሥመር ለማሳለፍ ታስቦ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነትም የአሜሪካና የእንግሊዝ ባለሥልጣኖች ጠላት ሳይሰማቸው በስልክ ለሚነጋገሩበት የምሥጢር መሣሪያ አገልግሎአል። የተናጋሪው ድምፅ በወንፊት እንደ ተነፋ ዱቄት፣ ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ በብዙ ክፍል ይለያል። የእያንዳንዱ ክፍል ጉልበት በየቅጽበቱ ይለካል። ያ ልክ ደግሞ በሌላ ድምፅ ላይ፣ ለምሳሌ በሲንተሳይዘር ድምፅ ላይ ይታተማል። ስለዚህ ጆሮአችን የሚሰማው የማሽኑን ድምፅ ሲሆን፣ ቃሉን የሚቀርጸው የሰው አፍ ነው። ፍሎሪያን ይህን ዓይነት መሣሪያ ገና በ1973 በወጣው ራልፍና ፍሎሪያን በተባለው ሸክላ ላይ ተጠቅሞበታል።

አንባቢው ይህን ከፍሉት ጋራ ያስተያየው። ፍሉት የሚነፋ ሰው ትንፋሹን ይሰጣል፤ ትንፋሹን ወደ ዜማ የሚለውጠው ቱቦው ነው። በቮኮደር ሥራው ይገለበጣል፤ ድምፁን ማሽኑ ያመጣዋል፤ ምላስና ከንፈር ቅርጽ ይሰጡታል። በሁለቱም ዘንድ ሰውና ዕቃ አንድን ድምፅ እኩል ተካፍለው ይሠሩታል፤ የሚለዋወጡት ድርሻቸውን ብቻ ነው። ፍሉቱን ያስቀመጠው ሰው ያንኑ የተማረውን ሙያ በሌላ በር ገብቶ ቀጠለ ብዬ የምናገረው ስለዚህ ነው።

ሙዚቃ የሚያስተምር አንድ ወዳጄ በዚህ ነገር አይስማማኝም ነበር። አንድ ቀን ከእኔ ጋራ ተቀምጦ በ1978 የወጣውን የሰው ማሽን የተባለውን ሸክላ ከሰማ በኋላ፣ «ትንፋሹን አሳየኸኝ፤ እሺ ተቀብዬሃለሁ። ልቡስ ወዴት አለ? የልብ ትርታ እኮ ይፈጥናል፣ ይዘገያል። ይህ የሚመታው እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው» አለኝ። ንግግሩ ከባድ ስለ ነበረ ለጊዜው መልስ አጣሁለት። በሸክላው ሽፋን ላይም አራቱ ሰዎች ቀይ ሸሚዝና ጥቁር ክራቫት አድርገው፣ ፊታቸውን ቀባብተው፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እያዩ ቆመዋል። ያን ሥዕል አይቶ ልብ ወዴት አለ ብሎ የጠየቀ ሰው አይፈረድበትም። ሮቦት የሚለው ቃል ራሱ ቼካዊው ደራሲ ካሬል ቻፔክ በ1920 በጻፈው ቲያትር የተጀመረ ሲሆን፣ መሠረቱ የግዴታ ሥራ ማለት ነው። ራሳቸውን የሙዚቃ ሠራተኞች የሚሉ ሰዎች ሮቦት ነን ብለው ሲቀልዱ፣ በቀልዱ ውስጥ ምሬት እንደ ነበረበት እጠረጥራለሁ።

ለወዳጄ ጥያቄ መልስ የሚሆነውን በኋላ ያገኘሁት በጀርመን አይደለም። በ1982 በኒው ዮርክ ብሮንክስ ሰፈር አፍሪካ ባምባታና ጓደኞቹ ፕላኔት ሮክ የሚባል ሸክላ ሲያወጡ፣ ዜማውን ክራፍትቬርክ በ1977 ካወጡት ትራንስ አውሮፓ ኤክስፕሬስ ከተባለው ድርሰት፣ ምቱን ደግሞ በ1981 ከወጣው ቁጥሮች ከተባለው ድርሰት ወሰዱ። የጥቁር አሜሪካውያን ልጆች በድህነት ሰፈራቸው ጎዳና ላይ በዚያ ምት ጨፈሩበት። በዲትሮይትም ጥቁር ወጣቶች ከዚያው ተነሥተው ቴክኖ የሚባለውን አዲስ ሙዚቃ ፈጠሩ። እንደ ግድግዳ ሰዓት የተባለው ምት ሰውነታቸውን እንዲህ ካነቃነቀ፣ ልቡን የጨመሩበት ጨፋሪዎቹ ናቸው ማለት ነው። እንግሊዛዊው ዴቪድ ቦዊም በ1977 ለአንድ ድርሰቱ የፍሎሪያንን የቤተ ሰብ ስም በርእስነት ሰጥቶታል። የዝናውን ነገር ግን በዚህ ልተወው።

የበለጠ የሚያስደስተኝ የ1981ዱ ሸክላ ነው። ኮምፒዩተር በየመሥሪያ ቤቱ እንኳ ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ፣ ስለ ኮምፒዩተር ዓለም ሙሉ ሸክላ ሠሩ። ባንክና ፖሊስ የሰውን ጉዳይ በቁጥር እንደሚይዙ ተናገሩ፤ ብቻውን በመስኮት ፊት ተቀምጦ ወዳጅ የሚፈልግ ሰውም ዘፈኑ ውስጥ አለ። ለኪስ የምትሆን የሒሳብ ማሽንን ያወደሰ ዘፈንም ነበረበት። ያን ዘፈን በሚጫወቱበት ጊዜ አራቱም ትንንሽ መሣሪያ ይዘው ወደ መድረኩ ጠርዝ ይመጡና፣ ከፊት የቆመው ሕዝብ እጁን ዘርግቶ ቁልፉን እንዲነካ ይፈቅዱለት ነበር። እነዚያ ሐውልት የተባሉ ሰዎች! ቁጥሮች በተባለው ድርሰት ደግሞ ማሽኖች በጀርመንኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛና በሌላም ቋንቋ ቁጥር ይቆጥራሉ። አፉን የሚፈታ ሕፃንም ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ መቁጠር ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው እየዘገየ ሄደ። በ1986 አንድ ሸክላ ወጣ፤ አዲስ ድርሰት የያዘው ቀጣዩ አልበም እስከ 2003 ድረስ አልመጣም። ይኸኛው ስለ ቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር ነበር፤ የብስክሌተኛው ትንፋሽም በድርሰቱ ውስጥ ይሰማል። በመካከሉ ፍሎሪያን ማሽን እንዲናገር ብቻ ሳይሆን በዚያው ቅጽበት እንዲዘምር ለማድረግ ሲደክም ኖረ፤ ሮቦቮክስ ብሎ ለሰየመው ለዚህ ዘዴም የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶበታል። በ2000 በሐኖፈር ከተማ ለተደረገው የዓለም ትርኢት ክራፍትቬርክ የጥቂት ሰኮንድ ማስታወቂያ ድምፅ ሠርተው 400,000 የጀርመን ማርክ በተከፈላቸው ጊዜ፣ ለዚህች ቅንጣት ይህን ያህል ገንዘብ ተብሎ በአገራቸው ብዙ ተወራ። ብዙ መሆኑንስ ብዙ ነው። ነገር ግን አንዲት ቃል ከማሽን አፍ በሚገባ እንድትወጣ ሰላሳ ዓመት የደከመ ሰው ዋጋውን በሰኮንድ አይቈጥረውም።

ፍሎሪያን ከጓዱ ጋራ ለመጨረሻ ጊዜ በመድረክ የታየው በ2006 ነው። መውጣቱም በጃንዩዌሪ 2009 ተረጋገጠ። ምክንያቱን አላብራራም፤ ይህም ከጠባዩ የሚጠበቅ ነበር። ስፍራው በሌላ ሰው ተተካ፤ እንደ ቀድሞው አራት ሰዎች በአራት ጠረጴዛ ፊት ቆሙ፤ ትርኢቱም ሕዝብ አላጣም። በዚህ ቦታ የወዳጄ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ መጣብኝ። አሻንጉሊት በስፍራው ሊያቆም የቻለ ሰው በእውነት ሲሄድ ይጎድላልን? ራሱ በፈቃዱ የተሰወረውን ሰው ማጣታችንን በምን እናውቃለን? እኔ ያወቅሁት በዝምታ ነው። ጓዱ በራልፍ ሁተር መሪነት ዓለምን ቢዞርም፣ በ2017 ያወጣው ታላቅ ስብስብ የቀድሞዎቹን ድርሰቶች እንደገና የያዘ ነበር። የቀድሞዎቹ ማሽኖች የቀድሞውን ቃል በጥራት ይናገራሉ፤ አዲስ ቃል የሚያስተምራቸው ሰው ግን ከቤት ወጥቶአል።

እርሱ ራሱ ሥራውን ፈጽሞ አልተወም። በ2015 ከቤልጅጋዊው ከዳን ላክስማን ጋራ ሆኖ፣ ባሕርን ስለሚያበላሸው የፕላስቲክ ጥራጊ አንድ አጭር ድርሰት አወጣ። ሐሳቡ የመጣለት በጋና ጠረፍ ሲዋኝ፣ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ስበው ፕላስቲክ ብቻ ሲያወጡ አይቶ መሆኑን ገልጦአል። በኤፕሪል 2020 በካንሰር በሽታ ዐረፈ፤ ዕድሜው 73 ነበር። የዓለም ሕዝብ በወረርሽኙ ምክንያት ቤቱን ዘግቶ በተቀመጠበት ወራት ስለ ነበረ፣ ሞቱ ለሕዝብ የተነገረው ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ በሜይ 6 ነው። ሲሞት እንኳ ሳይታይ ነበር።

አውቶባን የተባለው ሸክላ ሁለተኛ ፊት አለው፤ ስለ መንገዱ ብዙ ስለሚነገር እርሱን የሚያነሣው ጥቂት ነው። በመጨረሻው ላይ የማለዳ ሽርሽር የሚል ትርጓሜ ያለው፣ አራት ደቂቃ ያህል የሚሆን ድርሰት ይገኛል። ሲጀምር ወፎች ይንጫጫሉ፤ ውሃም ይወርዳል፤ ወፎቹም ውሃውም በሲንተሳይዘር የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ፒያኖ ይገባል፤ ከፒያኖው ጋራም ፍሎሪያን በፍሉቱ፣ ያለ ምንም ማጠማዘዣ፣ እንደ ተማሪ ቤት ዘመኑ ይነፋል። ለወዳጄ ይህን አሰማሁት። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ቃል ሳይናገር ሰምቶ፣ ለተማሪዎቼ ላሰማቸው ብሎ ሸክላውን ይዞት ሄደ፤ እስካሁንም አልመለሰልኝም።